ጭራቅ ይግባ፣ ቡዳ ይቅር

አሜሪካኖች ኦክቶበር 31 የሚሉት ቀን በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል። እኛ ማርያምን ስንዘክር እነሱ ዱባ ፈልፍለው ሻማ ያበሩበታል፤ ልጆቻቸውም ጭምብል አጥልቀው ደጅ ለደጅ ከረሜላ ይለቅማሉ። ሃሎዊን ነው።

መቼም «ሃሎዊን ሰቆጣ ምን ሊሠራ ይመጣል?» ብላችሁ እንዳትስቁ። በመጽሐፍ ይመጣላ! ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። ቁጭታቸው ወደ አገር ቤት መለሳቸውና በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም አዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። መደርደሪያው ግን መሙላት አለበት፤ የሚሞላውም በአብዛኛው ከውጭ በሚለገስ መጽሐፍ ነው። የአሜሪካ ልጅ አንብቦ የጨረሰው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ጠንቋይ በመጥረጊያ ስትበር፣ አጽም ሲደንስ የሚያሳይ አይጠፋም። እንዲህ ያለው መጽሐፍ አንድ ቀን ሰቆጣ ላይ የአንደኛ ክፍል መምህርት እጅ ቢገባ ምን ታድርገው?

«የሰይጣን በዓል ነው፣ ይቃጠል» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታሪኩን ግን እንየው። ሃሎዊን ማለት የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ድሆችና ልጆች በዚያ ሰሞን በየቤቱ እየዞሩ ትንንሽ ዳቦ ይቀበሉ ነበር፤ በምላሹ ለቤቱ ሙታን ይጸልያሉ። ይኼ ነገር ቡሄን አላስታወሳችሁም? ነሐሴ 13 ሙልሙል ተቀብሎ ቤቱን መርቆ መሄድ? አየርላንዶች ደግሞ ፋኖሱን የሚሠሩት ከዱባ ሳይሆን ከሥራ ሥር ነበር። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የድንች ሰብላቸው ጠፍቶ ረሀብ ሲገባ በመርከብ ወደ አሜሪካ ጎረፉ፤ እዚያ ዱባው ገዝፎ ጠበቃቸው። ያ የሚስቅ ዱባ የረሀብ ስደተኞች ቅርስ ነው። ለዋግ ሰው፣ 1977ን ላየ አገር፣ ይኼን ማስረዳት የሚከብድ አይመስለኝም።

ዋግ ደግሞ የራሱ የደጅ ለደጅ በዓል አለው፤ ሻደይ። ፍልሰታ ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ ልጃገረዶች የሻደይን ቅጠል ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ከበሮ ይዘው በየቤቱ ይጨፍራሉ፤ ስጦታም ይቀበላሉ። ላስታ አሸንድዬ፣ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ይለዋል። ስለዚህ «በቡድን ሆኖ፣ አጊጦ፣ የሰው ደጅ መቆም» የሚለው ሐሳብ ለሰቆጣ ልጅ እንግዳ አይደለም። የሌለው ማስፈራራቱ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ያለው የትርጉም ነገር ነው። መምህርቷ ሥዕሉን እያሳየች በአማርኛ ወይም በኽምጣና ስታስረዳ በመጥረጊያ የምትበረዋን ሴት ምን ትበላት? አፏ ላይ ቶሎ የሚመጣው «ቡዳ» ሊሆን ይችላል። ይኼ ቃል ግን በሰሜኑ ደጋ የጨዋታ ቃል ሆኖ አያውቅም። ሸክላ ሠሪው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቤተ እስራኤሉ የተገለለበት፣ «ሌሊት ጅብ ይሆናል» የተባለበት ቃል ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ስድቡ አገር ስለሚጎዳ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቃሉ ግን አልሞተም። በአርባና በሃምሳ ልጅ መካከል አንዷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ብትሆንስ? ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ያፍንጫዋ ኪንታሮት ሳይቀር ወደ እናቷ ይዞርባታል። የእረፍት ሰዓት ሲደርስ ማን አብሯት ይጫወታል?

ጭራቅ ግን ሌላ ነው። ጭራቅ ጎረቤት የለውም፤ የማንም አጎት አይደለም። የሚኖረው ተረት ውስጥ ብቻ ነው፤ ልጆቹም ያውቁታል፣ ይጮኹለታል፣ ይስቁበታል። አያ ጅቦም እንዲሁ (የእውነቱ ጅብ ማታ ማታ ከከተማው ዳር ቢጮህም፣ የተረቱ ጅብ ሁሌም ይሞኛል)። እኔ መምህርቷን ብሆን ጠንቋይዋን «ሴት ጭራቅ» ብዬ አልፋታለሁ።

አጽሙን በተመለከተ ብዙ አልጨነቅም። ከሰቆጣ አቅራቢያ ባለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ የዋግ ሹሞች ናቸው የሚባሉ አስከሬኖች በሣጥን እንዳሉ የአካባቢው ሰው ያውቃል። እዚያ ሙት ይከበራል እንጂ አይደንስም፤ ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩታል። ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው «እንዳስደነግጣችሁ» እየተባለ መጽሐፉ በድንገት የሚገለጥበት፣ መብራት የሚጠፋበት ንባብ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ገብቷል፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ከተማዋ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተጠልለዋል። በጨለማ ድንገት መጮህ ለአሜሪካ ልጅ ጨዋታ ነው። እዚህ በቀን፣ በሩ ተከፍቶ፣ ቀስ ተብሎ ይነበብ።

አንድ የቀን መቁጠሪያ ነገር ልጨምር። ሃሎዊን የሚውለው ትምህርት በተጀመረበት ወቅት ስለሆነ የአሜሪካ ትምህርት ቤት አቀፈው፤ መጽሐፉም በዛ። ቡሄና ሻደይ የሚውሉት ግን ክረምት፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሆኖ ነው። ስለዚህ ከክፍል ውጭ ቀሩ። አቶ ዮሐንስ ትርሐስ የምትባል ልጅ አሸንዳን ስታከብር የሚያሳይ የሥዕል መጽሐፍ ጽፈዋል። መምህርቷ ከዱባው መጽሐፍ ጎን እሱን ብታገኝ እሰየው። ካጣችም ጥቅምት ላይ ሻደይ ካለፈ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ሴቶቹ ልጆች ግጥሙን አልረሱትም። ዱባውን ያዩበትን ወረቀት ገልብጠው በጀርባው የራሳቸውን ከበሮ ይሣሉበት።