ፕላዝማ ማሳያ

ፕላዝማ ማሳያ በሁለት መስታወቶች መካከል በተደረደሩ ጥቃቅን የጋዝ ክፍሎች ውስጥ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ምስል የሚፈጥር ጠፍጣፋ ማሳያ ነው። በኢትዮጵያ «ፕላዝማ» የሚለው ቃል ከመሣሪያው አልፎ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት መጠሪያ ሆኗል።

አሠራር

እያንዳንዱ ክፍል በኒዮንና በዜኖን ጋዝ ድብልቅ የተሞላ ነው። በኤሌክትሮዶቹ መካከል በቂ ቮልቴጅ ሲኖር የጋዙ አቶሞች ኤሌክትሮን ያጡና ጋዙ ወደ ፕላዝማ ይለወጣል። ጉልበት ያገኘው ዜኖን በተለይ 147 እና 173 ናኖሜትር አካባቢ አልትራቫዮሌት ጨረር ይለቃል። ይህ ለዓይን የማይታይ ጨረር በክፍሉ ውስጥ የተቀባውን ፎስፈር ሲመታ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል። ሦስቱ ቀለሞች አንድ ላይ አንድ ፒክስል ይሆናሉ። መሠረታዊ አሠራሩ ከፍሎረሰንት መብራት ጋር ተመሳሳይ ነው።

ጋዙን ለማቀጣጠል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በጋዙ ግፊትና በኤሌክትሮዶቹ ርቀት ብዜት ይወሰናል። ይህ ሕግ የፓሸን ሕግ ይባላል። ስለዚህ ክፍሉ በጣም ሲያንስ ፕላዝማው በከፍተኛ ግፊት ሊሠራ ይችላል። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋሪ ኤደንና ባልደረቦቹ ያጠኗቸው የማይክሮ ፕላዝማ መሣሪያዎች በዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

የኢንፍራሬድ ጨረር

ዜኖን ከአልትራቫዮሌት በተጨማሪ 823 እና 828 ናኖሜትር አካባቢ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ታህተ ቀይ ጨረር ያወጣል። በቴሌቪዥን ላይ ይህ ጨረር የሪሞት መቀበያን ሊያውክ ስለሚችል በፊተኛው መስታወት ላይ ማጣሪያ ይደረጋል። በአንጻሩ የሚፈለገው ኢንፍራሬዱ ራሱ ከሆነ ፎስፈር አያስፈልግም። እንዲህ ያለው ምስል በባዶ ዓይን አይታይም፤ ኢንፍራሬድ በሚለይ ካሜራ ወይም በሌሊት ማያ መነጽር ግን ይታያል።

ታሪክ

የመጀመሪያውን ፕላዝማ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1964 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶው እና ሮበርት ዊልሰን ናቸው። ዓላማቸው ፕሌቶ ለተባለው በኮምፒውተር የሚሰጥ ትምህርት ማሳያ ማግኘት ነበር። የበራው ክፍል እንዲጠፋ እስኪታዘዝ በርቶ ስለሚቆይ፣ በዘመኑ ውድ የነበረውን የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ይቆጥብ ነበር። ፉጂትሱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባለ 21 ኢንች ሙሉ ቀለም ማሳያ አቀረበ። ኋላ ኤልሲዲ ገበያውን በመያዙ ፓናሶኒክ፣ ሳምሰንግና ኤልጂ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ምርቱን አቁመዋል።

በኢትዮጵያ

የፕላዝማ ትምህርት ሒሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ጨምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ትምህርቶቹ የተቀረጹት በደቡብ አፍሪካ ነው። ዓላማው በከተማም ሆነ በገጠር ላሉ ተማሪዎች እኩል ጥራት ያለው ትምህርት ማዳረስ ነበር። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሙከራዎችን በምስል ማየት ችለዋል።

በሌላ በኩል ስርጭቱ ለሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ የሚተላለፍ ስለነበር መምህሩ አቁሞ ሊያብራራ ወይም ሊደግም አይችልም ነበር። የንግግሩ ፍጥነት፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋው ክብደትና የመብራት መቋረጥ በተደጋጋሚ የተነሡ ቅሬታዎች ናቸው። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት ያልፍ ነበር። ማሳያው የተፈለሰፈበት ፕሌቶ ግን እያንዳንዱ ተማሪ እየመለሰ በራሱ ፍጥነት እንዲሄድ የተሠራ ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከመስታወቱ ሳይሆን ከትምህርቱ አሰጣጥ ነው።