ቀን ቆጥሮ የሚምር ሕግ፦ የኦባማኬር ቅጣትና ዓመቱ ሳያልቅ የሚወጣው የውጭ ሠራተኛ

አሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው በግብር በኩል የምትቀጣበት ዘመን ነበር። ለአጭር ጊዜ ሥራ ሄዶ ዓመቱ ሳያልቅ ሻንጣውን የሚያስር የውጭ ዜጋስ ምን ይሆን ነበር?

ኦባማኬር እ.ኤ.አ. በ2010 ተፈረመ፤ ቅጣቱ በ2014 ጀመረ። መጀመሪያ ለአንድ አዋቂ 95 ዶላር ወይም ከታወቀ መነሻ በላይ ካለው ገቢ 1 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነበር። በ2016 ወደ 695 ዶላር ወይም 2.5 በመቶ አደገ። ስሌቱ በወር ስለነበር ኢንሹራንስ የሌለበት አንድ ወር የዓመቱን ቅጣት አንድ አሥራ ሁለተኛ ያስከፍላል። ከሦስት ወር ያነሰ ክፍተት ግን ይማራል።

ለውጭ ዜጋ ዋናው ጥያቄ «ለግብር ነዋሪ ነህ?» የሚል ነበር። ነዋሪ ካልሆነ ከቅጣቱ ነፃ ነው። ነዋሪነቱ የሚለካው በቀን ቆጠራ ነው፦ የዘንድሮው ቀን በሙሉ፣ የአምናው ሲሶ፣ የካቻምናው አንድ ስድስተኛ ተደምሮ 183 ከሞላ፣ ዘንድሮም ቢያንስ 31 ቀን ከቆየ በመሠረቱ ነዋሪ ይባላል።

በኤች ዋን ቢ ቪዛ የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን እናስብ። ሁለቱም በ2017 ሜይ መጨረሻ ወጡ። አንዱ የገባው በ2016 ኖቬምበር መጀመሪያ ነው፤ ድምሩ 171 ገደማ ስለሆነ ነፃ ነው። ሌላው ግን 2015ንና 2016ን ሙሉ ሠርቷል፤ ድምሩ 334 ገደማ ይደርሳል። ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ኢንሹራንስ ካልነበረው ቅጣቱ ሊደርስበት ይችል ነበር። ቪዛቸው አንድ፣ የወጡበት ቀን አንድ፣ ዕጣቸው ግን ሊለያይ ይችል ነበር።

ሕጉ ለዚህ ቅጣት ማሰርንም ንብረት መያዝንም ከልክሏል። መንግሥት በዋናነት ገንዘቡን የሚያገኘው ከግብር ተመላሽ ላይ ቀንሶ ነበር። ለተጓዡ ደግሞ ተመላሹ ከኋላው የቀረው የመጨረሻ ገንዘቡ ሊሆን ይችላል። ነዋሪ ላልሆነ ሰው የተዘጋጀውን ቅጽ 1040ኤንአር ትቶ የነዋሪውን ቅጽ የሞላ ሰው፣ የተፈቀደለትን ምሕረት በገዛ እጁ ሊያጣ ይችል ነበር።

ኮንግረስ በዲሴምበር 2017 ባጸደቀው ሕግ የፌዴራሉ ቅጣት ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ሆነ። ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። ማሳቹሴትስ ከኦባማኬር በፊት ያወጣችውን የራሷን ሕግ ይዛ ቀጠለች፤ ኒው ጀርሲና ዋሽንግተን ዲሲ በ2019፣ ካሊፎርኒያና ሮድ አይላንድ በ2020 የየራሳቸውን ቅጣት ጀመሩ። ሐበሻ በሚበዛበት በዋሽንግተን አካባቢ እንኳ ዲሲ ትቀጣለች፤ ፖቶማክን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ግን ቅጣት የለም።

ለአጭር ጊዜ የመጣን ሰው አለመቅጣት ተገቢ ነበር። ችግሩ ስሌቱ በሚሄደው ሰው ላይ መጣሉ ነው። ምሕረት በሰንጠረዥ ሲታሰር የሚጠቀመው ሰንጠረዡን ማንበብ የቻለ ብቻ ነው።