ሴባስቶፖልን የጎተተው ጡንቻ

ጋፋት ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ እሳቱ ነው፤ ስለ ምድጃው፣ ስለ ፈረንጆቹ ባለሙያዎች፣ ስለ ቀለጠው ብረት። እሺ፣ መድፉ ተሠራ። 7 ቶን ያህል የሚከብደውን ሴባስቶፖልን መቅደላ ያደረሰው ግን ማነው? ጡንቻ ነው! ስለ እሱ የጻፈልን የለም ማለት ይቻላል።

ገበሬያችን ነገሩን ያውቀዋል። ወይፈን ሲገራ ከለመደ በሬ ጋር ይጠመዳል፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ጨመር። አጋሰስም እንደዚያው ነው። ሳይንስ ምክንያቱን ያገኘው ዘግይቶ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ጆን ሆሎዚ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ አይጦችን ለሳምንታት አስሮጠ። በጡንቻቸው ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያ የሥራ አቅማቸው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በክሮቹ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም በልምምድ ይበዛሉ። ፈጥነው የሚደክሙት ክሮች ሳይቀሩ ድካም ወደሚችሉት ጠባይ ያዘነብላሉ። ጡንቻው የግድ አይወፍርም፤ ይጸናል እንጂ። ሥራው ሲቋረጥ ደግሞ የተገኘው በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል።

ታዲያ ይኼ ሁሉ የሚሆነው መኖና ዕረፍት ሲኖር ነው። ያልበላ ጡንቻ ራሱን ይበላል።

አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ቤጌምድር አስቀድሞ ተዘርፏል፤ ባላገሩ ሸፍቷል። በሬ ከየት ይምጣ? ገብስስ? ሠረገላውን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድና በጠፍር ጎተቱት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ጠረጉ። የጅጣን ገደል ወርደው ወጡ፣ በሸሎን ተሻገሩ፤ መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኖ ነበር። ግማሽ ዓመት! የሰውም የከብትም ጡንቻ ሕጉ አንድ ነው፤ የእነዚያ ሰዎች ክር በመንገዱ ጸንቷል፣ በረኃቡም ተበልቷል። የአንዳቸውም ስም ከመድፉ ስም ጋር አይነሣም።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ ከዚህ ሕግ አላመለጡም። ዙላ ላይ ያራገፏቸው በቅሎዎች በውሃና በመኖ እጦት፣ በበሽታም ረገፉ። ከህንድ ያመጧቸው 44 ዝሆኖች ከባድ መድፎቹን ተሸክመው ተራራውን ወጡ፤ ቴዎድሮስ ያስጠረጉትንም መንገድ ሄዱበት። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሞቱ። የመቅደላው ዝርፊያ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ። ሴባስቶፖልን እዚያው ተዉት፤ ዛሬም አምባው ላይ ነው።