እስትንፋስ፣ አካልና መምህር በወሎ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። በዙሪያቸው ግን ከሁለቱም ዕድሜ የሚልቅ፣ እስትንፋስንና አካልን የሚገራ የትምህርት ልማድ ኖሯል።

በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያስተምሩ ነበር። የቤተ ክህነት ትምህርት በዘመናት ሂደት ካዳበራቸው ዘርፎች አንዱ አቋቋም ነው። ቁም ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል ይዜማል፤ በዝማሜ አካል ከመቋሚያው ጋር ይወዛወዛል፤ መረግድ ከበሮውን በዝግታ ያስገባል፤ ጽፋት ያፋጥነዋል። እርጋታው ሳይጸና ፍጥነቱ አይመጣም።

በ18ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ደግሞ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ጃማ ንጉሥን የቃዲሪያ ሥርዓት ማዕከል አደረጉ። በወሎ መንዙማ አውጪው ያወጣል፤ ጀመዓው በድቤና በጭብጨባ ይቀበላል። የጀማሪው ትንፋሽ በነባሮቹ ትንፋሽ ተደግፎ ይበረታል።

የሕንዱ ዮጋም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞታል። የአይየንጋር ስልት በአንድ አቋም ቆይቶ አካልን በጥንቃቄ ያስተካክላል፤ አሽታንጋ እንቅስቃሴን ከእስትንፋስ ጋር አያይዞ በተከታታይ ያስኬዳል። ስልቱ ቢለያይም የተማሪውን ትንፋሽ አድምጦ መጠኑን የሚወስነው መምህሩ ነው።

መድረክ ብዙውን ጊዜ የሚሻው ፈጣኑን ክፍል ነው። ጽፋቱን ብቻ ቀንጭቦ የሚያስተምር ከያኒ ጭብጨባ ያገኛል፤ ተማሪው ግን የሚቆምበትን መሠረት ያጣል። ቅርሱን የሚያቆየው ቁሙን በትዕግሥት የሚያስጠና መምህር ነው።