በትናንሽ አይሮፕላኖች ውስጥ የአየር ግፊት መጥፋት፤ ከዜኒት ባሉን የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1875 ዜኒት የተባለው ባሉን ክሮሴ ስፒኔሊ፣ ሲቬልና ቲሳንዲዬ የተባሉትን ሦስት ፈረንሳውያን ይዞ ከፓሪስ ተነሣ። መንገደኞቹ ኦክሲጅን ይዘው ነበር፤ ሆኖም መጠኑ እንደማይበቃ ሊቁ ፖል ቤር የጻፈላቸው ደብዳቤ በጊዜ አልደረሳቸውም። ያለውንም ለክፉ ጊዜ ለመቆጠብ ስለ ወሰኑ፣ ክፉው ጊዜ ሲመጣ ወደ አፋቸው የሚያደርሱበት አቅም አጡ። ባሉኑ 8,600 ሜትር ገደማ ደርሶ ሲወርድ በሕይወት የተረፈው ቲሳንዲዬ ብቻ ነበር። እርሱም ቧንቧውን ለመያዝ ቢሻ ክንዱ እንዳልታዘዘለት፣ ልቡ ግን በፍርሃት ፈንታ በደስታ ተሞልቶ እንደ ነበር ጽፏል።

የአደጋው ምስጢር ይህ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በ5,500 ሜትር ላይ በባሕር ወለል ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ይቀራል። በኦክሲጅን እጥረት አስቀድሞ የሚደክመው ደግሞ አደጋውን ሊያውቅ የሚገባው አእምሮ ራሱ ነው።

መሐንዲሶች መፍትሔ ያደረጉት አየርን አምቆ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ማስገባትን ነው። ቦይንግ 307 እ.ኤ.አ. በ1940 በዚህ ዘዴ መንገደኞችን ማመላለስ ጀመረ፤ ቆይቶም ዘዴው ወደ ትናንሽ አይሮፕላኖች ተዛመተ። በክፍሉ ውስጥ የሚጠበቀው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ8,000 ጫማ ከፍታ ግፊት አያንስም፤ ይህም የአዲስ አበባ ሰው በቦሌ ከሚተነፍሰው አየር ብዙ የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ የትንሽ አይሮፕላን ክፍል ጠባብ በመሆኑ፣ ቀዳዳ ቢፈጠር አየሩ ፈጥኖ ያልቃል፤ አብራሪውም ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ስለሆነ ድካሙን አይቶ የሚያነቃው ባልደረባ የለውም።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1999 አንድ ሊርጄት 35 የጎልፍ ተጫዋቹን ፔይን ስቱዋርትን ጨምሮ ስድስት ሰዎችን ይዞ ከኦርላንዶ ወደ ዳላስ ተነሣ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የአብራሪዎቹ ድምፅ ጠፋ። አይሮፕላኑም መሪ ሳይኖረው ለሰዓታት በሮ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ወደቀ። መርማሪዎቹ ግፊቱ የጠፋበትን ምክንያት ሊደርሱበት አልቻሉም፤ አብራሪዎቹ ከጭምብል ኦክሲጅን እንዳላገኙ ግን ደመደሙ።

በተከታዩ ዓመት፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2000፣ ስምንት ሰዎች የያዘ ኪንግ ኤር ከፐርዝ ተነሥቶ ወደ ሊዮኖራ ሲያመራ የአብራሪው ንግግር ተኮላተፈ፤ አይሮፕላኑም አምስት ሰዓት ያህል በሮ በርክታውን አቅራቢያ ወደቀ። የአውስትራሊያ መርማሪዎች እንዲህ ባሉ አይሮፕላኖች ላይ ከመብራት ሌላ በድምፅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲገጠም አሳሰቡ። ማሳሰቢያው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በሊርጄቱ የድምፅ መቅጃ ላይ የተገኘው ያው የማስጠንቀቂያ ጩኸት መሆኑን አንዘንጋ፤ ጩኸቱ ነበረ፣ የሚሰማው ግን አልነበረም።

በ12,000 ሜትር ከፍታ ግፊት ቢጠፋ፣ ሰው አስተውሎ ሊሠራ የሚችለው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ አይገባም፤ በመጀመሪያ ጭምብል ማጥለቅ፣ ቀጥሎ መውረድ፣ ምክንያቱን መመርመር ከዚያ በኋላ ነው። መሣሪያውን የምንነድፍና የምንጠግን እኛም ጭምብሉ አብራሪው ሳያስብ እጁ በሚያርፍበት ቦታ እንዲሆን፣ ጠርሙሱም ከበረራ በፊት ሙሉ መሆኑ እንዲረጋገጥ ማድረግ ይገባናል። ለክፉ ጊዜ የተቆጠበ ኦክሲጅን የዜኒትን ሰዎች አላዳነምና።