የተራራ ብስክሌት ጎማን በአነስተኛ ወጪ ወደ ቲዩብለስ መለወጥ

በአነስተኛ ወጪ የሚደረግ የቲዩብለስ ልወጣ፣ በካላማዳሪ (በውስጥ ጎማ) እንዲሠራ የተዘጋጀን የተራራ ብስክሌት ቸርኬና ጎማ፣ ለዚሁ ተብለው የሚሸጡ ውድ ክፍሎች ሳይገዙ፣ የውጭ ጎማው ራሱ አየሩን እንዲይዝ የማድረግ ሥራ ነው። ሥራው የራጂ ቀዳዳዎችን መድፈንን፣ ቫልቩን አየር በማያስወጣ ሁኔታ ቸርኬው ላይ ማሰርን እና በጎማው ጠርዝና በቸርኬው መካከል የሚቀረውን ክፍተት በፈሳሽ ማሸግን ያጠቃልላል። የጎማ ጠርዝ የሚባለው፣ የብረት ሽቦ ወይም የአራሚድ ክር ተቀብሮበት ቸርኬው ላይ የሚያርፈው የጎማው ክፍል ነው።

የሚገኘው ጥቅም የታወቀ ነው። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን በሁለት ቦታ ይበሳል፤ ካላማዳሪው ሲወጣ ይህ አደጋ ስለሚቀር፣ ከ30 እስከ 40 ፒ.ኤስ.አይ ይነፋ የነበረውን ጎማ እንደ ነጂው ክብደትና እንደ ጎማው ስፋት ከ20 እስከ 28 ባለው ግፊት መንዳት ይቻላል፤ ጎማውም መሬቱን የተሻለ ይይዛል።

መነሻ

ካላማዳሪ የሌለው ጎማ በመኪና ዘንድ ቀድሞ የተለመደ ነው። ቢ.ኤፍ. ጉድሪች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንዲህ ያለውን ጎማ እ.ኤ.አ. በ1947 ይፋ ያደረገ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዳዲስ የአሜሪካ መኪኖች ላይ መደበኛ ሆኗል። ብስክሌት ወደኋላ የቀረው በአመዛኙ በቸርኬው ምክንያት ነው፤ የመኪና ቸርኬ ድፍን ብረት ሲሆን፣ የብስክሌቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ32 ወይም በ36 ቦታ በራጂ የተበሳ ነው። የፈረንሳዩ ማቪክ ከሚሸሊንና ከሃቺንሰን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረበው ዩ.ኤስ.ቲ. የተባለ ሥርዓት ይህን ችግር የፈታው፣ በጎማው በኩል ያለውን የቸርኬውን ግድግዳ ሳይበሱ ራጂዎቹን ከሌላው ግድግዳ ጋር በማሰር ነበር። ጎማውም አየር የማያሳልፍ ተጨማሪ የጎማ ሽፋን ስለነበረው ከተራው ይከብድና ይወደድ ነበር።

የርካሹ መንገድ ታሪክ ከዚህ ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት አሜሪካዊው ስታን ኮዚያቴክ የመሠረተው ኖቱብስ የተባለ ድርጅት፣ ተራውን ቸርኬ በቴፕና በፈሳሽ ለመለወጥ የሚያስችል ዕቃ መሸጥ ጀመረ፤ በዚሁ ዘመን ነጂዎች አሮጌ ካላማዳሪ እየሰነጠቁ «ጌቶ ቲዩብለስ» በሚል ስም የሚታወቀውን ዘዴ ያስፋፉ ነበር። ከሁለቱ የትኛው ከሌላው እንደወሰደ መወሰን ያስቸግራል፤ ፋብሪካ የራሱን ሥራ በፓተንትና በማስታወቂያ ሲመዘግብ፣ በየጋራዡ የተሞከረው ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋልና የቀዳሚነት ክብር ወረቀት ላለው የማድላት ዝንባሌ ይታያል። ሁለቱ ወገኖች ራሳቸውን ችለው ወደ ተመሳሳይ መፍትሔ ደርሰው ሊሆንም ይችላል።

የተሰነጠቀ ካላማዳሪ

በዚህ ዘዴ ለ26 ኢንች ጎማ የ20 ኢንች ካላማዳሪ ይመረጣል፤ ከቸርኬው ስለሚያንስ ሲለጠጥ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣልና። ለ29 ኢንች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የ24 ኢንቹ ነው። ካላማዳሪው ቫልቩን በቀዳዳው አስገብቶ ቸርኬው ላይ ከተወጠረ በኋላ በውጭ በኩል ዙሪያውን በመቀስ ይሰነጠቃል፤ ተዘርግቶም ሁለቱ ጫፎቹ ከቸርኬው ግራና ቀኝ ይንጠለጠላሉ። ጎማው በመሐል ገብቶ ሲነፋ ጠርዙ የካላማዳሪውን ጎማ ከቸርኬው ጋር ስለሚጫነው አየር መውጫ ያጣል፤ የተረፈው በምላጭ ይቆረጣል። ቫልቩ በፋብሪካ የተጣበቀ መሆኑ የዘዴው ትልቁ ጥንካሬ ነው። ድክመቱ ደግሞ፣ ጎማው በተቀየረ ቁጥር የተቆረጠውን ጎማ መልሶ ማስተካከል አስቸጋሪ በመሆኑ ብዙ ጊዜ አዲስ ካላማዳሪ መሠዋት የሚያስፈልግ መሆኑና የክብደት ቅነሳውም እዚህ ግባ የማይባል መሆኑ ነው። ከዚህም ሌላ የትንንሽ ብስክሌቶች ካላማዳሪ አብዛኛውን ጊዜ እንደ መኪና ያለ ወፍራም ቫልቭ ስላለው፣ ለቀጭን ቫልቭ የተበሳን ቸርኬ ማስፋት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህም ጠባብ ቸርኬን ያዳክማል።

ቴፕ

ዛሬ የበለጠ የሚዘወተረው የቸርኬውን ወለል በአልኮል አጽድቶ በጠንካራ ቴፕ መሸፈን ነው። ወፍራም የጨርቅ ቴፕ ይሠራል፣ ሲነሣ ግን ሙጫው ቸርኬው ላይ ይቀራል፤ ቀጭን የፖሊፕሮፒሊን ማሸጊያ ቴፕ ግን ንጹሕ ነው። ቫልቭ ከተጣለ ካላማዳሪ ሥሩን የከበበውን ክብ ጎማ ጨምሮ ተቆርጦ ሊወሰድ ይችላል፤ የውስጥ መርፌው የሚፈታ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

ማሸጊያ ፈሳሽ

ፈሳሹ በመሠረቱ በውኃ ውስጥ የተንሳፈፈ ላቴክስ፣ ማለትም የጎማ ዛፍ ወተት ወይም ሰው ሠራሽ አቻው ነው። አሞኒያ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይጠብቃል፤ ፈሳሹ በቀዳዳ በግፊት ሲወጣ ቅንጣቶቹ አፉ ላይ ይከማቻሉ፣ ውኃው ይተናል፣ የሚቀረውም የጎማ ውታፍ ነው። ለአንድ ጎማ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ወጪ ለመቀነስ ሲባል ለቅርጽ ማውጫ የሚሸጥ ላቴክስ ከውኃና ከመኪና ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር እየተቀላቀለ በቤት ይዘጋጃል፤ ቀዳዳ እንዲደፍን ደቃቅ ብልጭልጭ የሚጨመርበትም አለ። ማቀዝቀዣው ኤቲሊን ግላይኮል ከሆነ መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ ሕፃናትንና እንስሳትን ይስባልና ፕሮፒሊን ግላይኮል የተሻለ ነው። የበዛ አሞኒያ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ላቴክስ አለርጂ የሆነባቸውም አሉ። በቤት ውስጥ ቅመማ የሚተርፈው ገንዘብ አንድ ብስክሌት ብቻ ላለው ሰው ያን ያህል አይደለም፤ ለብዙ ጎማ ሲሆን ግን ልዩነቱ ይታያል።

መንፋትና አደጋው

ጠርዙ ወደ ቦታው እንዲዘል አየር በአንድ ጊዜ በብዛት መግባት አለበት። የቫልቩን መርፌ ፈትቶ፣ ጠርዙን በሳሙና ውኃ አርሶ በጎሚስታ ኮምፕሬሰር መንፋት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ጎማውን ዙሪያውን በቀበቶ ማጥበቅም ጠርዙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። የለስላሳ ጠርሙስ ወደ አየር ማጠራቀሚያነት የሚለወጥበት ዘዴም አለ፤ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ስለሚችል ግን አይመከርም።

ቁጠባ የማይመከርበት ዋናው ቦታ ራሱ ጎማው ነው። ለካላማዳሪ የተሠራ ጎማ ጠርዝ በግፊት ሊለጠጥና ከቸርኬው ሊወጣ፣ በመታጠፊያ ላይም አየሩን በድንገት ሊተፋ ስለሚችል፣ በቴፕና በቫልቭ ቆጥቦ ጠርዙ ጥብቅ የሆነ፣ ለቲዩብለስ ዝግጁ ተብሎ የተሠራ ጎማ መግዛቱ ያዋጣል። ተራ ጎማ የተጠቀመም ከ40 ፒ.ኤስ.አይ በላይ ባይነፋ ይመረጣል።

ጥገና

ፈሳሹ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ስለሚደርቅ መሙላት ያስፈልጋል። ፈሳሹ የማይደፍነው ትልቅ ቅዳጅ ሲያጋጥም ቫልቩ ተነቅሎ ካላማዳሪ ይገባል፤ ከዚያ በፊት ግን የጎማው ውስጥ በጥንቃቄ መዳበስ አለበት፣ ፈሳሹ ሲደፍናቸው የቆዩ እሾሆች ሁሉ እዚያው ተሰክተው ይገኛሉና።