መንገድ የጎደለው ሞተር

በርት መንሮ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ.፣ የ1920 ሥሪት የሆነች «ኢንዲያን» ሞተር ብስክሌቱን ይዞ በመርከብ አሜሪካ ገባ። እዚያም አሮጌ መኪና በርካሽ ገዝቶ፣ ሞተሩን እየጎተተ ዩታ ውስጥ እስካለው የጨው ሜዳ ዘለቀ። ፒስተን እንኳ የሚሠራው ብረታ ብረት አቅልጦ አሮጌ ጣሳ ውስጥ እየገለበጠ ነው! በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ገደማ በረረባት። መቼም ያስቀናል።

ግን ልብ በሉ፤ ሰውዬውን የቸገረው መለዋወጫ እንጂ መንገድ አልነበረም። አስፋልቱ ተነጥፎ ነው የጠበቀው።

እኛ ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ወልቂጤስ ግድ የላትም፣ የጅማ መንገድ ያልፍባታል። በቡታጅራ በኩል ግን የጎደለው መንገዱ ራሱ ነበር። በዚያው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ አዲስ አበባ የከተመው የዚያ አገር ሰው ማኅበር አቋቁሞ ገንዘብ ያዋጣ ጀመር፤ ዓለም ገናን በቡታጅራ አድርጎ ከወላይታ ሶዶ ለማገናኘት። መንግሥት እስኪደርስለት አልጠበቀም። ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት በዚሁ ማኅበር ላይ ነው። እኛ ተማሪዎች ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ታዲያ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ለመስቀል ሰውን አገሩ የሚያገባ መንገድ፣ ከመስቀል ማግስት ጎረምሳውን ጭኖ ይመለሳል። እነዚያ አዋጪዎች ይህን አላሰቡትም ይሆን? እኔ አስበውታል ባይ ነኝ፤ እነሱም ቢሆኑ መንገድ ሳይኖር የወጡ ናቸውና።